የሐበሻ እንቁላልና የፈረንጅ እንቁላል፦ ለልጃችን የትኛውን እንስጥ?

የዛሬው ርዕሳችን ከየቤታችን ጓዳ የሚርቅ አይደለም። ስለ እንቁላል፣ ስለ ዶሮና ስለ ወተት እንነጋገራለን።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚሁ ሰላ ድንጋይ አንድ የገበያ ቀን ጧት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ አንዲት እናት ገለባ በተነሰነሰበት ቅርጫት ስምንት እንቁላል ይዛ ተቀምጣለች። በጀርባዋ ልጅ አዝላለች። ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ ቁመቱን ላየ ግን የአንድ ዓመት ልጅ ይመስላል። እንቁላል ሰብሳቢው ነጋዴ መጣ፣ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ከፍ እያደረገ አየና ስምንቱንም ገዛት።

«እትዬ፣ ለልጁ አንድ እንኳ አላስቀሩለትም?» አልኋት።

«መምህር፣ እሱን ሸጬ አይደል እንዴ ዘይትና ጨው የምገዛው! የሐበሻ እንቁላል ነው ሲባል የአዲስ አበባ ሰው በዋጋ አይከራከርም አሉ።»

«እንግዲያው ከሱቅ የፈረንጁን ገዝተው ቢያበሉትስ?»

«እሱማ መርፌ የተወጋ ነው ይባላል። ልጄን ላሳምመው እንዴ?»

እስቲ ልብ በሉልኝ። ጥሩ ነው የሚባለው እንቁላል ተሸጠ፤ መጥፎ ነው የሚባለው አልተገዛም፤ ሕፃኑ ከሁለቱ አንዱንም አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ከመቶው 46ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ ማለትም የቀነጨሩ ነበሩ። በዚያው ጥናት ለመላው አገሪቱ የተገኘው ከመቶ 38 ነው። መቀንጨር ማለት አጭር መሆን ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምግብ የጎደለበት ልጅ አእምሮውም የሚገባውን ያህል አይዳብርም፤ ትምህርት ቤት ሲመጣም ፊደል ለመያዝ ይቸገራል። እኛ አስተማሪዎች «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» እያልን የምንቆጣው ምናልባት ገና በአዝል ሳለ የጎደለበትን ነገር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «የሐበሻ ይሻላል ወይስ የፈረንጅ?» የሚለው ጥያቄ የከተማ ሰው የምላስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወሬውን እንመርምረው፤ እውነት ያለበት ቦታ አለ፤ የሌለበትም ቦታ አለ።

በመጀመሪያ መርፌውን እንይ። ብዙ ሰው የፈረንጅ ዶሮ በአርባና በሃምሳ ቀን የሚደርሰው ሆርሞን እየተወጋ ነው ብሎ ያምናል። ሆርሞን ማለት በሰውም ሆነ በእንስሳ ሰውነት ውስጥ እየመነጨ፣ በደም እየዞረ፣ አንዱን የአካል ክፍል «እደግ»፣ ሌላውን «ቁም» የሚል መልእክተኛ ነው። ወሬው ከባዶ ሜዳ የበቀለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካ አገር ዲ.ኢ.ኤስ. የሚባል ሰው ሠራሽ ሆርሞን በዶሮ አንገት ቆዳ ሥር ይቀበር ነበር። ጉዳት እንዳለው ሲታወቅ በ1959 ለዶሮ እንዳይውል ተከለከለ። ወሬው ግን እንደ መድኃኒቱ አልተከለከለምና ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ታዲያ ያለ ሆርሞን እንዴት በዚያ ፍጥነት ያድጋል? መልሱን ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከአውድማው ላይ ፍሬው የሞላውን ገብስ ለዘር ለይቶ የሚያስቀር፣ ከመንጋው መካከል ወገቡ የሰፋውን ሙክት ሳይሆን አውራውን በግ ለዘር የሚያስቀር ሰው ሥራው ምርጫ ነው። የዶሮ አርቢዎችም ከሰባ ዓመት በላይ ይህንኑ አድርገዋል። ካናዳ ውስጥ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ከ1957 ጀምሮ ሳይሻሻል የተጠበቀ የዶሮ ዘር፣ የ1978 ዘርና የ2005 ዘር ወስደው ሦስቱንም በአንድ ዓይነት መኖ አሳደጓቸው። በ56ኛው ቀን ሲመዘኑ የ1957ቱ 905 ግራም፣ የ1978ቱ 1,808 ግራም፣ የ2005ቱ 4,202 ግራም ሆነው ተገኙ። መኖው አንድ ነው፤ የተለየው ዘሩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የእድገት ሆርሞን ፕሮቲን በመሆኑ በመኖ ቢሰጥ እንደማንኛውም ምግብ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ይጠፋል፤ በመርፌ እንስጠው ቢባል ደግሞ እየደጋገሙ መውጋት ይጠይቃል። አሥር ሺህ ዶሮ ያለው ሰው ማንን ይዞ ማንን ሊወጋ ነው? ኪሳራ ነው። ዶሮ እርባታ ገብታችሁ መርፌ ብታዩ ክትባት ቢሆን ነው። ደግሞም ፈጥኖ የሚያድገው የሥጋ ዶሮ ነው እንጂ እንቁላል ጣዩዋ አይደለችም፤ ሁለቱ የተለያዩ ዘሮች ናቸው። በሱቅ ያለችው እንቁላል የመጣችው ከጣዩዋ ነው።

በርግጥ የሥጋ ዶሮው ለራሱ የሚያሳዝን ፍጥረት ነው። ሥጋው ከእግሩ ቀድሞ ስለሚያድግ ብዙ ጊዜ ያነክሳል፤ ልቡም ይደክማል። ወጥም ላይ አያምርም። የኛ ዶሮ ወጥ በቀስታ የሚንተከተክ፣ አሥራ ሁለቱ ብልት ሳይበተን ከቁሌቱ ጋር የሚዋሐድ ነው፤ የፈረንጁን እዚያ ውስጥ ብትጨምሩት ከአጥንቱ ይላቀቅና ድስቱ ውስጥ ይፈርሳል። ይህ የሙያ ጉዳይ ነው፤ እኔም ብጠየቅ ለፋሲካ የሐበሻውን ነው የምመርጠው። ነገር ግን ጣዕምና በሽታ ለየቅል ናቸው።

አሁን ደግሞ እውነት ወዳለበት ፍርሃት እንለፍ። እሱም የመድኃኒት ነገር ነው።

ብዙ ዶሮ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲከማች በሽታ እንደ ሰደድ እሳት ይዛመታል። በ2014 ዓ.ም. ማገባደጃ ላይ በዶሮ እርባታዎች በሽታ ተነሥቶ የግብርና ሚኒስቴር የዶሮና የእንቁላል ዝውውር ለጊዜው ማገዱን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በሽታን የሚፈራ አርቢ ታዲያ እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ያለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በውኃ በጥብጦ ለመንጋው በሙሉ ያጠጣል። አንዳንዱ ለታመመው፣ አንዳንዱም ላልታመመው «ለማንኛውም» ብሎ ይሰጣል። መድኃኒቱ በዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት ይቆያል፤ ከፊሉም ወደ እንቁላሏ ይገባል። ለዚህም ነው በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ እስከ ስንት ቀን ድረስ እንቁላሉና ሥጋው መበላት እንደሌለበት በቁጥር የሚጻፈው። ያን ቀን የማይጠብቅ አርቢ ካለ ገዢው ሳያውቅ መድኃኒት ይበላል ማለት ነው።

ጉዳቱ በዚያው ቀን ሆድ ቁርጠት ሆኖ አይታይም፤ ቆይቶ ነው የሚመጣው። እርሻው ላይ አንድ ዓይነት ፀረ አረም በየዓመቱ የሚረጭ ገበሬ ምን ይገጥመዋል? ደካማው አረም ይሞታል፤ ብርቱው ይተርፍና ዘሩን ይዘራል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እርሻው በሙሉ መድኃኒት የማይነካው አረም ይሆናል። በዓይን የማይታዩት የበሽታ ተሕዋስያንም እንደዚሁ ናቸው። በእንስሳት ላይ ያለ ልክ የሚፈስሰው መድኃኒት ብርቱዎቹን እየመረጠ ያበዛቸዋል። ከዚያ አንድ ቀን የናንተ ልጅ ሲታመም ጤና ጣቢያው የሚሰጠው መድኃኒት አልሠራ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት እንስሳትን ለማፋፋት ሲባል ፀረ ባክቴሪያ በመኖ መስጠትን ከ2006 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2017 ለጤነኛ እንስሳ ይህን መድኃኒት ለማፋፊያም ሆነ ለመከላከያ መስጠት እንዲቀር መክሯል።

«አየህ መምህር፣ እኛስ ምን አልን?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቆይ ግን፣ ገጠሩስ? ፈንግል ሲገባና ዶሮዎቹ አንገታቸውን ማጠማዘዝ ሲጀምሩ፣ ለሰው የታዘዘ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ተፈልቅቆ በሊጥ ተለውሶ የሚሰጠው በማን ቤት ነው? በኛው ቤት አይደለም? ፈንግልን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቴትራሳይክሊን አይነካውም። ዶሮዋ በዚያው ትሞታለች፤ ከተረፈችም የጣለችው እንቁላል «የሐበሻ ነው» ተብሎ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ የፈረንጅና የሐበሻ ብሎ አይለይም። መለያው ሰጪው ሰው ቀን መቁጠሩና አለመቁጠሩ ነው።

እዚህ ላይ ማንበብ መማራችሁ ይጠቅማችኋል። የመድኃኒቱ ማሸጊያ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ እንኳ ቁጥሩን ለይታችሁ ታነቡታላችሁ። ከእንስሳት ሐኪሙ ስትገዙ «ይህን ከሰጠሁ በኋላ እንቁላሉን ስንት ቀን አንበላም? ቁጥሩስ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በጣቱም ያሳያችሁ። ለፈንግል ደግሞ መድኃኒት ሳይሆን ክትባት ነው ያለው። በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት አምራች ብሔራዊ ተቋም ያዘጋጀዋል። ለገጠር የሚሆነው ዓይነት ሙቀትን ቻል የሚያደርግና ዓይን ላይ በጠብታ የሚሰጥ ነው። የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ «መቼ ነው የሚመጣው?» ብላችሁ ነዝንዙት፤ ጎረቤትም ተሰብስቦ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ይሻላል፤ አንዱ ቤት ቀርቶ ሌላው ቢከተብ በሽታው መግቢያ አያጣም።

የሐበሻ ዶሮ ብልጫ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው። ሜዳ ላይ የምትውል ዶሮ ሣርና ቅጠል ትለቅማለች፤ ትል ትጭራለች፤ ፀሐይ ትሞቃለች። ስለዚህ የእንቁላሏ አስኳል ብዙ ጊዜ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ቫይታሚን ኢና ቫይታሚን ዲ በርከት ብሎ ይገኝበታል። በቤት ውስጥ ተዘግታ ፉሩሽካ የምትበላው አስኳሏ ነጣ ይላል። ቀለሙ የመጣው ከቅጠሉና ከቢጫው በቆሎ እንጂ ከዘሯ አይደለም፤ የፈረንጇንም ሜዳ ብትለቋት አስኳሏ ይደምቃል፤ የሐበሻዋንም ዘግታችሁ ነጭ እህል ብቻ ብትቀልቧት ይነጣል። ሥጋ የሚገነባው ፕሮቲን ግን በሁለቱም ያው ነው። እንዲያውም የፈረንጇ እንቁላል ከ55 እስከ 60 ግራም ስትመዝን የሐበሻዋ 40 ግራም ገደማ በመሆኗ፣ አንድ ለአንድ ሲተያዩ ትልቋ ብልጫ አላት። ሕፃን ሲበላ የሚያድገው በፕሮቲኑና በውስጧ ባሉት ቫይታሚኖች ነው፤ ሁለቱም አላቸው።

ስለ ትኩስነትም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሰላ ድንጋይ እንቁላል ትኩስ የሚሆነው ለሰላ ድንጋይ ሰው ነው። ዶሮዋ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ቅርጫት ትሞላለች፤ ባለቤቷ ገበያ እስኪደርስ ትጠብቃለች፤ ሰብሳቢው ደግሞ ሣጥኑ እስኪሞላ ይቆያል፤ ከዚያ በጭድ ተጠቅጥቆ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ። ከሱቅ ሲደርስ ሦስት ሳምንት ቢሞላው አይገርምም። አዲስ አበቤዋ ሰብራ ስታየው ጫጩት የጀመረ ታገኝበታለች። ከቢሾፍቱ እርባታ የወጣው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ሱቅ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ «ትኩስ ከገበሬው ቤት» የሚለውን ጥቅም በርግጥ የምታገኙት እናንተ ናችሁ፤ የምትሸጡትም እናንተ ናችሁ። የቆየውን ከትኩሱ ለመለየት እንቁላሉን ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ ትኩሱ ጠልቆ ይተኛል፤ የቆየው በአንድ ጫፉ ይቆማል፤ የሚንሳፈፈውን ጣሉት።

ወደ ሌላ ነገር ልለፍ፤ ይህኛው ለኛ ለደገኞች ከሁሉ ይከብዳል። ብርዱንና ሸለምጥማጡን ፈርተን ዶሮዎቻችንን ማታ ማታ ከቤት እናስገባለን። ከቆጥ ላይ ያድራሉ፤ ጧት ኩሳቸው ከወለሉ ላይ ነው፤ ሕፃኑም በዚያው ወለል ላይ ይድሃል፤ ያገኘውንም ወደ አፉ ይከታል። ሄዲና ሂርቮኔን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ገጠር ኢትዮጵያ ባሳተሙት ጥናት ሁለት ነገር አገኙ። ዶሮ ባለበት ቤት ያሉ ልጆች በቁመት ሻል ያሉ ናቸው። ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት የሚያድሩ ከሆነ ግን ተቃራኒው ታየ፤ የልጆቹ ቁመት አነስተኛ ሆነ። ማለትም ዶሮዋ በእንቁላሏ የምትሰጠውን በኩሷ ልትወስደው ትችላለች። የልጁ አንጀት በየቀኑ ከቆሻሻው ጋር እየታገለ ምግቡን እንደሚገባ ሳይመጥጠው ይቀራል።

አያችሁ፣ «ከገበሬ ቤት የመጣ ሁሉ ንጹሕ ነው» ብለን ብንዘጋው ኖሮ ይህን አናየውም ነበር። የተፈጥሮ የሆነ ሁሉ አይጎዳም የሚል ካለም ጓያን ያስታውስ። ጓያ ማዳበሪያም መድኃኒትም ሳይነካው የሚበቅል፣ ድርቅ የማይበግረው የኛው እህል ነው። በችግር ዘመን ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ይሰንፋል፤ ላይድን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በወሎ ደላንታና ዳውንት የደረሰው ይኸው ነበር።

የዶሮ ማደሪያ መሥራት ብዙ ወጪ የለውም። ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ፣ ከነፋሱ አቅጣጫ ተከልሎ፣ በድንጋይና በጭቃ የሚሠራ ጎጆ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ በኛ አገር ስሙም ሳይቀር አለ። ወለሉ ላይ ጭድ ይነጠፋል፤ ጭዱ በየሳምንቱ ይቀየርና ወደ ጓሮው ማዳበሪያ ይሄዳል። ሸለምጥማጥ እንዳይገባ በሩ በደንብ ይገጥም። የቆጡ እንጨት ከመሬት ከፍ ይበል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰው ይበቃዋል።

ወተትን ደግሞ በአጭሩ ላንሣ። በወተት በኩል ገጠሩ ከከተማው የሚበልጥበት ግልጽ ነጥብ አለ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካሉ ላም አርቢዎችና ወተት ነጋዴዎች የተሰበሰበ 110 የወተት ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ተገኘ። አውሮፓውያን በአንድ ሊትር ከ0.05 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይላሉ፤ ከ110ሩ ይህን ያሟሉት 9 ብቻ ነበሩ። አሜሪካኖች ከ0.5 አይበልጥ ይላሉ፤ ያንንም ያለፉት 29 ነበሩ። ይህ መርዝ የሻጋታ ውጤት ነው፤ ለብዙ ጊዜ ከተወሰደ ጉበትን ይጎዳል። ወደ ላሟ የገባው በዋናነት ሻግቶ በቆየ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን ጥናቱ አመልክቷል። የከተማ ላም ግጦሽ የላትም፤ የምትኖረው በፋጉሎና በፉሩሽካ ነው። ሣርና ድርቆሽ የምትበላዋ የኛ ላም ከዚህ መርዝ ራቅ ትላለች። ፋጉሎ የምትገዙም ካላችሁ፣ ከደረቅ ቦታ ከእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጡት፤ የሻገተውን «ለከብት ምን አላት!» ብላችሁ አትስጡ። የሻጋታውን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም።

ማፍላት የሚያጠፋው ሌላውን ነው፤ እሱ ደግሞ በገጠሩም በከተማውም አለ። የከብት ሳንባ ነቀርሳና የውርጃ በሽታ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። «ከጡቷ ሥር ትኩሱን» ብለን ለልጅ የምንሰጠው፣ ላሟ ጤነኛ መስላ ሳለች በሽታውን ሊያቀብለው ይችላል። እርጎ መሆኑም በእርግጠኝነት አይገድለውም። እስኪገነፍል አፍልታችሁ ስጡት። ጥሬውን የለመደ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ፤ ይሳቅብኝ።

አሁን ወደ ስምንቱ እንቁላል እንመለስ። ለመሆኑ አንድ እንቁላል ለሕፃን ምን ያህል ይጠቅማል? በኢኳዶር አገር ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ዕድሜ ላሉ ሕፃናት ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ካልተሰጣቸው ጋር ሲተያዩ መቀንጨሩ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። በማላዊ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ ግን በቁመት ላይ ልዩነት አልታየም፤ በዚያ አካባቢ ሕፃናቱ አስቀድሞም ዓሣ ይበሉ ነበርና ይህ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። ይህን የምነግራችሁ እንቁላል ተአምር ነው እንዳትሉ ነው። ነገር ግን ልጁ ሥጋም ዓሣም በማያገኝበት፣ ምግቡ የገብስ ቂጣና ሽሮ በሆነበት ቤት፣ እንቁላል የሚሞላው ጉድለት ብዙ ነው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ፤ እርሳስ ያላችሁ ጻፉት። አንዲት የሐበሻ ዶሮ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ትጥላለች፤ በያንዳንዱ ጊዜ 12 ወይም 15 እንቁላል። ዝቅ አድርገን በዓመት 45 እንበል። አራት ዶሮ ያላት እናት 4 ጊዜ 45 ስታባዛ 180 ታገኛለች። ለጫጩት ማስታቀፊያ 30 ታስቀር፤ 150 ይቀራል። ለአንዱ ሕፃን በሳምንት ሁለት ቢሰጠው በዓመት 104 ነው። የሚሸጥ 46 ይተርፋታል። ገቢዋ መቀነሱ አይካድም። ያን ለመተካት አንዱ መንገድ፣ ከሐበሻዎቹ ጎን የተሻሻለ ዘር ማርባት ነው። ባለፉት ዓመታት በየወረዳው የተሠራጨው እንደ ሳሶ ያለው ዘር ከሐበሻዋ በብዙ እጥፍ ይጥላል፤ ግን ይበላል፤ ሜዳ ላይ ጭሮ ብቻ አይኖርም፤ ብርዱንም በሽታውንም እንደ ሐበሻዋ አይችልም። መኖ መግዣ የሌላት እናት በወሬ ተገፋፍታ ሃያ ብትገዛ በሁለት ወር ትከስራለች። ሁለት ወይም ሦስት ብላ ትጀምር።

ሌላው መንገድ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ኑሮ ግን እንዲያ ነው። የሐበሻውን በጥሩ ዋጋ ሽጣችሁ፣ ከገንዘቡ በከፊሉ ዋጋው ዝቅ ያለውን የፈረንጅ እንቁላል ለልጁ ግዙለት። ሁለት የሐበሻ ሸጣችሁ ሁለት የፈረንጅ ብትገዙ ትርፍ ሳንቲም በእጃችሁ ይቀራል፤ ልጁም በልቷል። አስኳሉ ነጣ ቢልም ሰውነቱ ይገነባበታል። የመድኃኒቱ ሥጋት ፈጽሞ የለም አልልም፤ ከላይ ተናግሬዋለሁ። ነገር ግን ላይኖር በሚችል የመድኃኒት ቅሪትና በየቀኑ በሚታይ ረኀብ መካከል ምረጥ ብባል እኔ እንቁላሉን እሰጠዋለሁ።

የጾሙ ነገርም ይነሣል። በዓመት 180 ቀን ገደማ ጾም ነው፤ ብዙ እናቶች «ድስቱ ይበላሽብኛል» ብለው በጾም ወራት ለሕፃኑም የፍስክ አይሠሩለትም። ቤተ ክርስቲያን ግን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ይጹም አትልም። የሚያስቸግረው ድስቱ ከሆነ አንዲት ትንሽ ጣሳ ለልጁ ብቻ ለዩለት፤ የሱ መቀቀያ ትሁን። የነፍስ አባታችሁንም ጠይቁ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ። ከስድስት ወር በኋላ እንቁላሉን ከመስበራችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፤ ቅርፊቱ ላይ ኩስ ካለ ጥረጉት። ውኃው ከፈላ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ይቀቀል፤ አስኳሉም ነጩም ይጠንክር፤ ጥሬም ለብ ያለም አይሰጥ፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ተሕዋስ የሐበሻውም የፈረንጁም ላይ ይገኛልና። ልጣችሁ በማንኪያ አድቅቁትና በገንፎው ወይም በአጥሚቱ አዋሕዱት። በመጀመሪያው ቀን ሩብ ያህሉን ብቻ ስጡትና ፊቱን፣ ቆዳውን፣ ትንፋሹን ተመልከቱ። ሽፍታ ወይም ማበጥ ካሳየ አቁማችሁ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት፤ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ደኅና ከሆነ በሚቀጥሉት ቀናት እየጨመራችሁ ሙሉውን አድርሱት።

የዶሮ ጎጆ የሠራችሁ፣ ወይም ልጃችሁን እንቁላል አስጀምራችሁ ያያችሁት ነገር ካለ፣ በራሳችሁ እጅ ጻፉልን፤ ፊደል ቢሳሳት ግድ የለም። በሚቀጥለው ንግግራችን ስለ ጎተራ መድኃኒት፣ ይኸውም ነቀዝን ለመከላከል በእህል ውስጥ ስለሚቀመጠው ኪኒንና በቤት ውስጥ ስለሚያደርሰው አደጋ እንነጋገራለን።